ጫማዬ ውስጥ የከተትኩት ገጽ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለሚስቴ አልተናገርኩም። ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም፤ እሳቸው ዘንድ በሄድኩ ቁጥር ሁለት ቀልድ አስቀድሜ ኃጢአቴን አስከትላለሁ፣ እሳቸውም ስቀው ሳይጨርሱ የቀረውን ይረሱትና መስቀላቸውን አሳልመው ያሰናብቱኛል። ከእግዚአብሔር ፊት በቀልድ የሚያመልጥ ሰው አይተው የማያውቁ ከሆነ እኔን ይዩ። ሠላሳ ዓመት ገደማ እንዲህ እያሳቅሁ አመለጥኩ። አሁን ግን ደከመኝ። ማሳቁም ደከመኝ፣ ማምለጡም ደከመኝ። ይህን የሚያነቡት እርስዎ ማን እንደሆኑ አላውቅም፤ ያደፋፈረኝም የማላውቅዎ ሰው መሆንዎ ነው። ቁጭ ብለው ይስሙኝ። በመሀል ቀልድ ቢያመልጠኝ እባክዎ አይሳቁልኝ። ልማድ ሆኖብኝ ነው።

ያደረግሁት ነገር ሲነገር ብዙ መስመር አይሞላም። አንድ ሰው አንድ ትምህርት «አልገባኝም» ብሎ ጻፈ፤ እኔ ያንን ገጽ አውጥቼ «በጣም ገብቶኛል» የሚል ገጽ አስገባሁለት። ይኸው ነው። ሰው ገደልኩ? አልገደልኩም። ሰረቅሁ? ምኑን፣ አንድ ወረቀት? ለዓመታት ራሴን ያባበልኩት እንዲህ እያልኩ ነው። ታዲያ አንድ ወረቀት ከሆነ ለምን እስከ ዛሬ ይከብደኛል?

የቀሰቀሰብኝ ኢንተርኔት ነው። ባለፈው ወር የቢሯችን ኃላፊ፣ ከመጀመሪያ ልጄ ብዙም የማትበልጥ ወጣት ሴት፣ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ በኢንተርኔት የሚሰጥ የዳታ ትንተና ኮርስ አግኝተናል፤ ለጀማሪዎች ነው። እርስዎ ይውሰዱትና ይገምግሙልን። አዲስ ለሚቀጠሩት ልጆች ይሆናል ካሉ እናስገባቸዋለን» አለችኝ። ከእኔ የባሰ ጀማሪ ፈልጋ አጥታ እንደሆነ ጠየቅኋት። ሳቀች። ሁሉም ሰው ይስቅልኛል፤ በሽታዬ እሱ ነው።

በልጄ ላፕቶፕ ጀመርኩት። ስለ ኮርሱ ብዙ ማለት ይቻላል። እዚህ ጋምቤላ አንዱን ቪዲዮ አውርዶ እስኪጨርስ ባሮን በማንኪያ ቀድቶ ማድረቅ ይቻላል። የምታስተምረው ሴት እንግሊዝኛውን የምትናገረው ቤቷ እሳት ላይ ድስት ጥዳ የመጣች ይመስል ነው፤ ልጄ ሕይወት እያቆመች ትተረጉምልኛለች። ምሳሌው ሁሉ ስለ ፒዛ ሽያጭ ነው። እኔ ፒዛ በዕድሜዬ ሁለት ጊዜ በልቻለሁ፤ የሁለት አማካይ እንዴት እንደሚሰላ ግን ተረዳሁ። እንዲህ እየቀለድኩ አራተኛው ትምህርት ላይ ደረስን። ስክሪኑ ላይ ሠንጠረዥ መጣ፤ ሳጥኖቹ ገሚሱ ባዶ ናቸው። ሴትየዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ተናገረች፣ ሕይወትም ተረጎመችልኝ፦ ባዶ ሳጥን ዜሮ አይደለም። ባዶ ማለት አላወቅንም ማለት ነው። ዜሮ ማለት ሄደን አይተን የለም ብለናል ማለት ነው።

«አባዬ፣ ላቆምልህ? አልገባህም?» አለችኝ ልጄ። ፊቴ ምን ሆኖ እንዳየችው አላውቅም።

«ገብቶኛል» አልኳት። «በጣም ገብቶኛል።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ተነስቼ ግቢው ውስጥ ማንጎው ሥር ቆምኩ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግምገማውን መጻፍ አልቻልኩም። በግምገማው ፈንታ ይኸው ይህን እጽፋለሁ።

ጋምቤላ ክልል በሆነች በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ወላጆቼ በሰፈራ ጊዜ ከወሎ አቦቦ ከመጡት ናቸው፤ አባቴ አሁንም እዚያው በቆሎውን ያርሳል። እኔ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ በታይፕ ፈጣን ስለነበርኩና ከታይፑ ይልቅ አፌ ስለሚፈጥን፣ አዲስ በተቋቋመ አንድ ቢሮ ተቀጠርኩ። ቢሮ ስል እንዳይሳሳቱ። መጀመሪያ ማኅተሙ መጣ፣ ቀጥሎ ኃላፊው፣ ወንበሩ የመጣው በሦስተኛው ወር ነው። ሁሉም ነገር አዲስ ነበር፤ ሁሉም ነገር ደግሞ መቆጠር ነበረበት። ስንት ሰው አለ? ስንት ተማሪ? ስንት ፍየል? በየሳምንቱ ከላይ ደብዳቤ ይመጣል፣ እኛም ያልቆጠርነውን እንልካለን።

ይህ እንዳይቀጥል አንድ የርዳታ ድርጅት ከቢሯችን ጋር ሆኖ ለወረዳ ሠራተኞች የርቀት ትምህርት አዘጋጀ። የመረጃ አሰባሰብና ትንተና ለጀማሪዎች ይባላል። በስቴንስል የተባዙ ስምንት ደብተሮች በጆንያ ተጭነው ከአዲስ አበባ መጡ። ተማሪው እያነበበ መልመጃውን ይሠራል፤ ስምንቱን ሲጨርስ ገምጋሚ ሄዶ ፎርም ያስሞላዋል። ፎርሙ ላይ በየትምህርቱ ትይዩ አራት ምርጫ አለ፦ በጣም ገብቶኛል፣ ገብቶኛል፣ በመጠኑ ገብቶኛል፣ አልገባኝም። አንዱን ማክበብ ነው። ከታች አስተያየት የሚጻፍበት ጥቂት ባዶ መስመር አለ። ፎርሙ ሁለት ገጽ ነው፤ መልሱ ያለው የመጀመሪያው ላይ፣ ፊርማው ሁለተኛው ላይ።

ገምጋሚው እኔ ነበርኩ። አላወቅሁም ነበር ብዬ ልከራከር አልችልም። ስምንቱንም ደብተር አንብቤያለሁ፤ የገምጋሚውን መመሪያም አንብቤያለሁ። መመሪያው ላይ አንድ ደንብ ነበር፦ አንድም ተማሪ አልገባኝም ካለ ገምጋሚው እዚያው ይቆያል፣ ያንን ትምህርት በቃል ያስረዳል፣ ተማሪው መልመጃውን በትክክል እስኪሠራ ከቦታው አይነሳም። ይህን ደንብ ያወጣው ሰው ብልህ ነበር። እኔ ግን ያን ሰው በልቤ ረግሜዋለሁ፤ ይህንንም ልናዘዝ።

ኢታንግ የሄድኩት በዝናብ ነው። የዚያን ጊዜ ትንኝ ሰውን ከነአልጋው አንስታ ወንዝ ዳር ትወስዳለች ብል ከእውነቱ ብዙ አልራቅሁም። ዘጠኝ ተማሪዎች በወረዳው ጽሕፈት ቤት በረንዳ ላይ ጠበቁኝ። ስምንቱ ፎርሙን እንደ ተቀበሉ «በጣም ገብቶኛል» የሚለውን ከላይ እስከ ታች አከበቡት። አንደኛው እንዲያውም ጥያቄውን ሳያነብ ነው የጨረሰው። አልፈርድባቸውም። እንግዳ ነበርኩ፤ በጭቃ መጥቻለሁ፤ ያመጣሁትን አልወደድነውም ብሎ እንግዳን ማሳፈር እዚያ ነውር ነው። ይህንን አውቅ ነበር። አውቄም ደስ ብሎኛል፤ ሥራ ያቀላል።

ዘጠነኛው ኡጁሉ ነበር። ኡጁሉ አኙዋ ነው፤ የተወለደው ከወንዙ ማዶ ነው፣ የሚሠራው ወረዳው ጽሕፈት ቤት ነው። በዚያ ሙቀት የሸሚዙን ቁልፍ እስከ አንገቱ የሚቆልፍ፣ ቀጭን፣ ረጅም ሰው። አማርኛ የተማረው ትምህርት ቤት ስለሆነ እያንዳንዱን ቃል ከመሬት አንስቶ አቧራውን እንዳራገፈ ያህል ቀስ ብሎ ነው የሚናገረው። ስምንቱን ደብተር በላስቲክ ጠቅልሎ የዓሣ መረቡን በሚያስቀምጥበት ሣጥን ውስጥ ነበር የሚያኖራቸው። ፎርሙን ሌሎቹ ሻይ ጠጥተው እስኪጨርሱ አነበበው። ከዚያ ቀና አለና ጠየቀኝ።

«ስድስተኛው ደብተር በዓይንህ ያልቆጠርከውን አትጻፍ ይላል። ደግሞ አንድም ሳጥን ባዶ አትተው ይላል። ወንዝ ሲሞላ እኔ ማዶ መሄድ አልችልም። ያን ጊዜ ሳጥኑ ላይ ምን ልጻፍ?»

መልሱን አውቅ ነበር። እዚህ ላይ ቆመው ይመልከቱኝ፤ መልሱን አውቅ ነበር። ከተማሪው ደብተር ተዘልሎ የገምጋሚው መመሪያ ላይ ብቻ ተጽፏል፦ ያልተቆጠረ ቦታ ሰረዝ ይደረግበታል፣ ምክንያቱ ከጎኑ ይጻፋል። ሰረዝ። አንድ ቃል። ያንን ቃል ለመናገር የሚያስፈልገው ትንፋሽ ትንኝ አያባርርም። እኔ ግን ስምንት ሰዎች ተቀምጠው አፌን ሲጠብቁ አየሁ።

«ኡጁሉ ወንድሜ፣ ታዲያ ዋና አልችልም ብለህ ጻፍበታ» አልኩት።

በረንዳው በሳቅ ተናወጠ። ባሮ ላይ ያደገ ሰው ዋና አልችልም ብሎ ሲጽፍ ይታይዎ። ኡጁሉም አብሮ ሳቀ፤ ጨዋ ሰው ነው። ሲስቅ ግን ዓይኑ ፎርሙ ላይ ነበር። ከዚያ አጎንብሶ ጻፈ።

ፎርሞቹን ሰብስቤ ያደርኩበት የወረዳው መጋዘን ስገባ አየሁት። በስድስተኛው ትምህርት ትይዩ «አልገባኝም» ተከብቧል፤ ያውም ደጋግሞ ስላከበበው ወረቀቱ ሊቀደድ ደርሷል። ከታች በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ በተማሪ ልጅ ጥንቁቅ ጽሕፈት፣ እንዲህ ይላል፦ «ስድስተኛው ትምህርት አልገባኝም። ወንዝ ሞልቶ ያልሄድኩበት ሰፈር ሰው አለ። ዜሮ ብጽፍ ውሸት ነው። ባዶ ብተው ጥፋት ነው። እባካችሁ አስረዱኝ።»

ቃል በቃል አስታውሰዋለሁ። የራሴን የሠርግ ቀን ሰዓት ረስቼ ይህን አልረሳሁም።

ደንቡ ቆይ ይለኛል። ያመጣኝ የቢሮው ፒክ አፕ መኪና ደግሞ በማግሥቱ ጠዋት ወደ ጋምቤላ ይመለሳል፤ ቀጣዩ መኪና መቼ እንደሚገኝ ሹፌሩም አያውቅም። እሑድ ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር፣ ሠርግ ነበር። የሱፍ የሚባል የባለሱቅ ልጅ፣ ከተማ ከገባሁ ጀምሮ ጓደኛዬ የሆነ፣ ሊያገባ ነው፤ ሠርጉን አንተ ነህ የምታደምቅልኝ ብሎኛል። አንድ ወር ሙሉ ቀልድ ሳዘጋጅ ነበር። ለየሱፍ ስል ነው እንዳልል የሱፍ ያለ እኔም ያገባ ነበር፤ ሙሽራይቱ እኔን ልታገባ አልመጣች። ሰው ሲስቅልኝ ማየት ነው የፈለግሁት። ለዚያ ብዬ ነው። ከዚህ የተሻለ ምክንያት ቢኖረኝ እነግርዎ ነበር።

ባዶ ፎርም ነበረኝ። የኡጁሉን መልሶች አንድ በአንድ ገለበጥኩ። ስድስተኛው ላይ ስደርስ «በጣም ገብቶኛል» የሚለውን አከበብኩ። ክብ ደግሞ የማንም እጅ አይታወቅበትም። የመጀመሪያውን ገጽ ነቅዬ አዲሱን ከፊርማው ገጽ ጋር አያያዝኩት። ፊርማው የራሱ ነው፤ እኔ አልፈረምኩለትም። ይህን ለራሴ ስንት ጊዜ ነገርኩት መሰለዎ! ፊርማ አላስመሰልኩም፣ ፊርማ አላስመሰልኩም።

የተነቀለውን ገጽ ምን እንዳደረግሁት ልንገርዎ። ለሠርግ የምጫማው አንድ ጥንድ የቆዳ ጫማ ብቻ ነበረኝ፤ እሱንም አጥልቄው መጥቼ በጭቃ ውኃ ሰክሮ ነበር። እንዲደርቅልኝ ወረቀት መክተት ነበረብኝ። ግራውን በቆየ ጋዜጣ ሞላሁት። ቀኙ ውስጥ የኡጁሉን ገጽ ጨምድጄ ከተትኩት። ጋዜጣው አላልቅ ብሎ ተርፎኛል፤ ለሁለቱም ይበቃ ነበር።

በጠዋት ስነሳ ኡጁሉ መኪናው ጋ ቆሞ አገኘሁት። ሊሸኘኝ ነው የመጣው። መልስ ይመጣል ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ይመጣል አልኩት። እጄን በሁለት እጁ ጨበጠ። ወረቀቱን እግሬ ሥር ረግጬው ነበር የቆምኩት፤ በችኮላ ከቀኝ ጫማዬ ሳላወጣው ነው ያጠለቅሁት። ጣቶቼ ላይ ይጫነኝ ነበር። ጋምቤላ ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ካልሲዬ ጫፉ ሰማያዊ ሆኗል። የሠርጉ ቀን ይህንን ካልሲ ለየሱፍ ጓደኞች አሳየኋቸው፤ የኔ እግር የርቀት ትምህርት ጀምሯል አልኳቸው። ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከሁሉም ቀልዶቼ የበለጠ የተሳካልኝ እሱ ነበር።

ሪፖርቴን ጻፍኩ። ኢታንግ ላይ ዘጠኙም ሁሉንም በጣም ተረድተዋል። ኃላፊያችን ተደሰተ። እንዲህ ከገባቸውማ ተቆጣጣሪ ምን ያደርግላቸዋል ተብሎ እነ ኡጁሉ ብቻቸውን ለትምህርት የደረሱ ልጆችን እንዲቆጥሩ ተወሰነ። የተማሪ መጽሐፍና መምህር የሚደለደለው በዚያ ቆጠራ ነው።

ኡጁሉ ከወንዙ ወዲህ ያለውን ቤት ለቤት ቆጠረ። ባሮ ሞልቶ ነበር። ታንኳ የሚያሻግረው አጥቶ ዳር ላይ ቀናት እንደ ጠበቀ ኋላ ሰምቻለሁ። ማዶ ሦስት ሰፈሮች ነበሩ፤ አንደኛው የእናቱ መንደር ነው። እዚያ ልጆች እንዳሉ አጥቶት ነው? የራሱ የእህቱ ልጆች ናቸው። ግን በዓይኑ አልቆጠራቸውም፤ ያልቆጠርከውን አትጻፍ ተብሏል። ሳጥንም ባዶ አይተውም። ጠይቆ ነበር፤ መልስ አልመጣለትም። መልስ ያላገኘ ሰው ደግሞ ጥያቄዬ የሞኝ ነበር ይላል። ሦስት ዜሮ ጻፈ።

ሠንጠረዡን በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ሦስቱን ዜሮዎች አየኋቸው። አንድም ልጅ የሌለበት መንደር የት አለ? ከመላው ቢሮ ዜሮዎቹ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ አንድ ሰው ቢኖር እኔ ነበርኩ። ጣቴ ቆመ፤ ይህን አልክድም፣ ለአፍታ ቆመ። ከዚያ መታሁት። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ። የመጀመሪያው ጥፋቴ ለሳቅ ነው ቢባል፣ ይህኛውስ? ይህኛው ለምን ነበር? መናገር ማለት ገጹን መናገር ስለነበረ ነው። ፈርቼ ነው።

ማዶ የነበረው አንድ መምህር ተማሪ የለውም ተብሎ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ። መጻሕፍቱም አብረው ሄዱ። ውኃው ሲጎድል ሽማግሌዎች ልጆቻቸውን አስከትለው ጋምቤላ ድረስ መጡ፤ ልጆቹን ቢሯችን በር ላይ ደርድረው ራሳቸው ጥላው ሥር ተቀመጡ። አልጮኹም። አንደኛው፣ የኡጁሉ አጎት፣ የእናቱ ወንድም፣ በአስተርጓሚ አንድ ነገር ብቻ ተናገረ፦ ለመቆጠር መጥተናል። እኔ ከመስኮት አየኋቸው። ከልጆቹ አንዷ የግድግዳችንን ቀለም በጥፍሯ ትፍቅ ነበር። መምህሩ ግን ያኔ ሌላ ቦታ ክፍል ጀምሯል፤ ልጆቹ ያን ዓመት አልተማሩም።

ተጠያቂ መገኘት ነበረበትና ስብሰባ ተጠራ። ኡጁሉ ከኢታንግ መጣ፤ ሸሚዙን እስከ አንገቱ ቆልፏል። ኃላፊያችን ለምን ዜሮ እንደ ጻፈ ጠየቀው። ተነሳና «ይህ ትምህርት አልገባኝም ብዬ ጽፌያለሁ። ወረቀቱ ይታይ» አለ። ሲናገር ምንም አልፈራም። የሚፈራበት ምክንያት አልነበረውም፤ እውነቱ ፋይል ውስጥ አለ ብሎ ያምናል።

ፋይሉን የምይዘው እኔ ነኝ። ሄጄ በእጄ አመጣሁት። ገጹ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። «በጣም ገብቶኛል ይላል እኮ» አለ አንዱ። ሌላው ደግሞ ወይስ አማርኛውን ማንበብ ነው ያቃተህ አለው። ይህን ያለው እንደኔ ከደጋ የመጣ ሰው ነው፤ ሲናገር ወደ እኔ ነበር ያየው፣ እንድስቅለት። ኡጁሉ ገጹን ተቀብሎ ለረጅም ጊዜ ተመለከተው። ገለበጠው። ጀርባውን አየ። ከታች ያሉትን ባዶ መስመሮች በጣቱ ዳሰሳቸው።

«እዚህ ጽፌ ነበር» አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «የተቀበልከኝ አንተ ነህ። አልጻፍኩም?»

ክፍሉ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። አዎ ጽፏል ማለት ነበረብኝ። ሁለት ቃል። የመጀመሪያው ጊዜ አንድ ቃል ነበር የተጠየቅሁት፣ አሁን ሁለት፤ ዕዳው እንዲህ ነው የሚያድገው። ሁሉም ሲያየኝ እኔ የማውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«ኡጁሉ፣ ያን ሰሞን ወባ ይዞህ ነበር አላልከኝም? የኢታንግ ወባ የማያስጽፈው ነገር የለም» አልኩ።

ሳቁ። ኃላፊውም ሳቀ። ስብሰባው ላላ። ኡጁሉ አልሳቀም፤ አልተቆጣም። ገጹን ጠረጴዛው ላይ ቀስ አድርጎ አስቀመጠና ተቀመጠ። እጁን፣ የቀኝ እጁን፣ ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ያየው ነበር። ያኔ ለምን እንደሚያየው አልገባኝም ነበር።

ከቆጠራ ሥራ አነሱትና ደብዳቤ መዝጋቢ አደረጉት። ብዙ አልቆየም፤ ለቆ ወደ ዓሣና በቆሎው ተመለሰ። ጥፋተኛ ተብሎ መነሳቱ አይደለም የጎዳው። የእናቱ መንደር ሰዎች «እኛን የሉም ብለህ ጻፍክ» እንዳሉት ሰማሁ። አጎቱ አንድ ክረምት ሙሉ አላናገረውም አሉ። ለራሱ ሰዎች ምን ይበላቸው? አልገባኝም ብዬ ጽፌ ነበር ይበል? ወረቀቱ ታይቷል።

ከብዙ ዓመት በኋላ ባሮ ድልድይ ላይ ተገናኘን። ፀጉሩ ሸብቷል። እኔ ላልፍ ስል እሱ ነው ያቆመኝ፤ እጄን እንደዚያ ጠዋት በሁለት እጁ ያዘው። ሻይ ጋበዝኩት። ስለ ልጆቹ ጠየቅሁት፣ አራት ናቸው፣ ሁለቱ ይማራሉ። ከዚያ ራሱ አነሳው።

«ያን ጊዜ አንተ ያልከው ልክ ነው» አለኝ። «ብዙ አሰብኩበት። ወባ ነበረብኝ። ልቤ አልገባኝም ይላል፣ እጄ ሌላ አከበበ። ለልጆቼ እነግራቸዋለሁ፦ ስትጽፉ ሁለት ጊዜ እዩ፤ የሰው እጅ ይዋሻል።»

እርስዎ ቢሆኑ ያኔ ምን ይሉ ነበር? እኔ ምን እንዳልኩ ልንገርዎ። የኔማ እጅ ከምላሴ የተሻለ ነው አልኩት፤ ቀለድኩ። ሳቀ። የሻዩን ከፈልኩና ተሰነባበትን።

ይኸውልዎ ጥፋቴ። ገጹ አይደለም፣ ጫማው አይደለም፣ ሦስቱ ዜሮዎችም ብቻ አይደሉም። አንድን እውነተኛ ሰው የገዛ እጁን እንዲጠረጥር አደረግሁት። ከመጋዘኑ በኋላ እውነቱ የቀረው ራሱ ውስጥ ብቻ ነበር፤ እዚያም ድረስ ገብቼ ገጹን ቀየርኩበት፣ በቀልዴ። ወጣት ነበርኩ አልልም፤ እሱም ወጣት ነበር። ዘመኑ ነው አልልም፤ በዚያው ዘመን፣ በዚያው በረንዳ፣ በዚያው እስክሪብቶ እሱ እውነቱን ጽፏል። ድልድዩ ላይስ? ያኔ ወጣት ነበርኩ?

ይህን ስጽፍ ግምገማውም ተጻፈልኝ፤ ሰኞ ለኃላፊዬ አስረክባለሁ። አጭር ነው። ኮርሱ ለጀማሪ ይሆናል፤ አራተኛው ትምህርት ግን አንደኛ ይሁን፤ ልጆቹ አልገባንም የሚሉበት ቦታ ይኑር፤ የሚያነበውም ሰው እኔ አልሁን ብያለሁ። ይህን ስታነብ ትስቅ ይሆናል። ቀልድ አይደለም።

ኢታንግ መኪና በየጠዋቱ ይሄዳል አሁን፤ መንገዱም ደህና ነው። ይህን ወረቀት ይዤ እሄዳለሁ። እሄዳለሁ ማለት ለእኔ ቀላል እንደሆነ ያውቃሉ፤ ስለዚህ ስሄድ ያምኑኛል፣ እስከዚያ አይመኑኝ።

ኡጁሉ፣ ይህ ላንተ ነው። እጅህ አልዋሸህም። «አልገባኝም» የሚለውን ነው ያከበብከው፣ ደጋግመህ። ከታች በሰማያዊ እስክሪብቶ ጽፈሃል፤ እኔ አንብቤዋለሁ። ወባም አልነበረም። ለልጆችህ ይህን ንገራቸው። ለአጎትህም፣ በሕይወት ካሉ።

ከዚህ በታች ባዶ መስመር ትቻለሁ። የፈለግኸውን ጻፍበት። ይቅር ብዬሃለሁ ብለህ ብትጽፍ፣ አላልኩህም ብለህ ብትጽፍ፣ የጻፍከውን አልነካውም። ምንም ሳትጽፍ ብትመልስልኝም፣ ባዶውን እኔ አልሞላልህም።